«ምንም አልሆንኩም»፦ በመኪና አደጋ የሚደርስ የውስጥ አካል ጉዳትና ጥንቃቄው

መግቢያ

በዚህ ዕትም ላካፍላችሁ የፈለግሁት በመኪና አደጋ ምክንያት ስለሚደርስ የውስጥ አካል ጉዳት ነው። ርዕሱን ለመምረጥ ያነሳሳኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ የነርሲንግ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። አጎቴ (እኛ ቤት ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው) ለዘመድ ልቅሶ ደብረ ብርሃን ሄደው ሲመለሱ፣ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሸኖ አካባቢ ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና ከኋላው ገጨ። ጊዜው ሊመሻሽ ሲል ነው። ከተበላሸው መኪና ኋላ ለምልክት የተቀመጠው እንደተለመደው ድንጋይና ቅጠል ብቻ ነበር። ረዳቱ እጁ ተሰብሮ፣ ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ፊቱ ደም በደም ሆነ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ። ጋሼም ደግፈው ካወረዱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። እሳቸውን ከፊታቸው ያለው የወንበር ብረት ግራ ጎናቸው ላይ መታቸው እንጂ ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም። በሌላ መኪና ተሳፍረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቤት ደረሱ።

እናቴ «ተመስገን፣ እሱ ነው ያወጣህ!» እያለች አገላብጣ ሳመቻቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። የቤቱ «ሐኪም» እኔ ነኝና ለልምምድ የገዛሁትን የደም ግፊት መለኪያ ይዤ ቀረብኩ። «ጋሼ፣ ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው። «እኔ ምንም አልሆንኩም ልጄ። ይቺን ግራ ትከሻዬን ትንሽ ነው» አሉኝ። ለክቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ግፊት 130/80፣ የልብ ምት 104። ትከሻቸውን በሞቀ ቅባት አሸሁላቸው። ራት አልበላም አሉ፤ ውሃ ግን ደጋግመው ጠየቁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደግሜ ለካሁ፦ ግፊት 118/90፣ ምት 116። «ግፊቱ ደህና ነው፤ ምቱ የድንጋጤ ነው» ብዬ ለእናቴ አስረዳኋት። ፓራሲታሞል ሰጥቼ እንዲተኙ አደረግሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ። ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ግፊታቸው 80/50፣ ምታቸው 136 ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ አልትራሳውንዱ ሆዳቸው ውስጥ ደም መፍሰሱን አሳየ፤ ጣፊያቸው ተሰንጥቆ ነበር። ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ፣ ጣፊያቸው ወጣ፣ ቤተሰቡም ደም ለገሰ። ጋሼ ተረፉ። እንዲተርፉ ያደረጋቸው ግን የእኔ ምርመራ ሳይሆን ለሽንት መነሳታቸው ነው። ተኝተው ቢቀሩ ኖሮ ጠዋት ለቡና ስንጠራቸው ነበር የምናውቀው።

ያ ደብተር ዛሬም አለኝ። አሁን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ሳነበው፣ ጣፊያቸው መድማቱን የሚናገረው ነገር ሁሉ በራሴ እጅ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ማንበብ ነው ያልቻልኩት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እናንተ እንድታነቡት ነው።

1. በአንድ አደጋ ውስጥ ያሉ ሦስት ግጭቶች

መኪና ሲጋጭ ግጭቱ አንድ ይመስለናል። ሆኖም የድንገተኛ ሕክምና መምህራን በሦስት ከፍለው ያስተምሩታል። የመጀመሪያው መኪናው ከሌላ መኪና፣ ከዛፍ ወይም ከግንብ ጋር የሚያደርገው ግጭት ነው። ሁለተኛው መኪናው ሲቆም መጓዙን ያላቆመው ሰው ከመሪው፣ ከመስታወቱ ወይም ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር የሚጋጨው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰውየው ከቆመ በኋላ ነው፤ ቆዳው ውስጥ ያሉት አንጎል፣ ልብ፣ ጉበትና ጣፊያ ገና እየሄዱ ናቸውና ከራሱ አጥንት ጋር ይጋጫሉ፣ ወይም ከታሰሩበት ሥር ይሳባሉ። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ እያልን የሸመደድናት ነገር ሥራ ላይ ስትውል ይቺ ናት።

የመጀመሪያው ግጭት ቆርቆሮ ያጨማድዳል፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ያየዋል። ሁለተኛው አጥንት ይሰብራል፣ ቆዳ ይቀዳል፤ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ሦስተኛውን ግን ማንም አያየውም።

የጉልበቱን መጠን በቀላል ስሌት እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ከግንብ ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ገደማ፣ እንደመውደቅ ነው። ፍጥነቱ ወደ 80 ከፍ ቢል ከፍታው 25 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል በአራት እጥፍ ነው የሚያድገው። ከፎቅ የወደቀ ሰው ተነስቶ «ምንም አልሆንኩም» ቢለን አናምነውም፤ ሆስፒታል እንወስደዋለን። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከተጋጨ መኪና የወረደ ሰው ግን ሲለን እናምነዋለን። የሁለቱ ልዩነት ምን ይሆን?

2. የትኛው አካል እንዴት ይጎዳል?

ሀ) ራስ፦ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ስለሚቀመጥ በግጭት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይላተማል። ከሁሉ የሚያታልለው ከራስ ቅል በታች፣ ከአንጎል ሽፋን በላይ የሚፈጠረው የደም መቋጠር ነው። በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለ የደም ቧንቧ ሲበጠስ ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ይነቃል፤ ያወራል፣ ሻይም ይጠጣል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ አንደኛው የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። በአረጋውያን ላይ ደግሞ ደሙ ከደም መላሽ ሥር ቀስ ብሎ እየፈሰሰ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። «አባባ መርሳት ጀመሩ፣ እግራቸውን ይጎትታሉ» ሲባል ከወር በፊት የደረሰ ግጭት ወይም መውደቅ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለ) ደረት፦ የተሰበረ የጎድን አጥንት ሳንባን ሊበሳ ይችላል። ከሳንባ የወጣው አየር መውጫ ሲያጣ ልብን እየገፋ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሳንባው ሳይበሳ ቢቀጠቀጥ ደግሞ ትንፋሽ ማጠሩ በመጀመሪያው ሰዓት ላይታይ፣ በቀጣዩ አንድና ሁለት ቀን ሊብስ ይችላል። የሕፃናት የጎድን አጥንት ስለሚተጣጠፍ አንድም አጥንት ሳይሰበር ሳንባቸው ሊጎዳ እንደሚችል አንርሳ። ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ (አኦርታ) ከጀርባ ጋር ከታሰረበት አጠገብ ሊቀደድ ይችላል። ይህ የደረሰባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሆስፒታል ሳይደርሱ ነው የሚሞቱት።

ሐ) ሆድ፦ ጉበትና ጣፊያ በደም የተሞሉና ሲመቱ የሚሰነጠቁ አካላት ናቸው። ጣፊያ የምትገኘው በግራ በኩል ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው፤ መጠኗ ጭብጥ ታህላለች። አንዳንድ ጊዜ ስትሰነጠቅ ደሙ በሽፋኗ ውስጥ ታፍኖ ይቆይና ሽፋኑ ከቀናት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። በአገራችን ይህ ተጨማሪ ትኩረት የሚያሻው ነው። ወባ የደጋገማት ሰው፣ እንዲሁም እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ካላዛር የያዘው ሰው ጣፊያው ይተልቃል። የተለቀ ጣፊያ በቀላል ምት ይፈነዳል። ስለዚህ ከእነዚህ አካባቢዎች የመጣ ተጎጂ ሲገጥመን ምቱ ቀላል ነው ብለን አንናቀው።

አንጀትና ፊኛ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሲቀደዱ ብዙ ደም ላያፈሱ ይችላሉ፤ የያዙት ነገር ሆድ ውስጥ ሲፈስ ግን ሆድ ይቆጣል። ለዚህም ሰዓታት ይፈጃል። አደጋው እንደደረሰ ሲነካ ለስላሳ የነበረ ሆድ በማግስቱ እንደ ጣውላ ሊደርቅ ይችላል።

መ) ዳሌ፦ የዳሌ አጥንት ሲሰበር በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች ይበጣጠሳሉ። ዳሌ ውስጥ የሚጠራቀመው ደም ከሊትር በላይ ሊሆን ስለሚችል አንዲት ጠብታ ውጪ ሳትታይ ሰው ሊሞት ይችላል።

3. ጉዳቱ ለምን ይደበቃል?

እዚህ ላይ ወደ ደብተሬ ልመለስ። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ከዚህ ውስጥ እስከ 15 በመቶው (750 ሚሊ ሊትር) ቢፈስ ሰውነት ያለ ብዙ ችግር ይሸፍነዋል። ከ15 እስከ 30 በመቶ ሲፈስ የልብ ምት ከ100 በላይ ይወጣል፣ ቆዳ ይቀዘቅዛል፣ ሰውየው ይጨነቃል፣ ይጠማዋል። የላይኛው የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይወርድም! ግፊቱ በግልጽ የሚወርደው ከ30 በመቶ በላይ ማለትም አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ከፈሰሰ በኋላ ነው። በሃይላንድ ብናስበው፣ የአንድ ሊትሩን ሞልተን ግማሽ ስንጨምርበት ማለት ነው።

እንግዲህ «ግፊቱ ደህና ነው» ብዬ እናቴን ያረጋጋሁበትን ቁጥር እንመርምረው።

የመጀመሪያው ልኬት 130/80፣ ምት 104 ነበር። ከአደጋ በኋላ ምት ቢጨምር ድንጋጤም ሊሆን ይችላል፤ እስከዚህ ድረስ ብዙ አያስወቅሰኝም። ሁለተኛው ልኬት ግን 118/90፣ ምት 116 ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ዘመድ ከቧቸው፣ ምታቸው መውረድ ሲገባው ወጣ። ድንጋጤ እየቆየ ይበርዳል፤ ደም መፍሰስ እየቆየ ይብሳል። ደግሞም በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ከ50 ወደ 28 ጠበበ። ሰውነት ደም ሲያንሰው የደም ሥሮቹን ያጠብባል፤ ያን ጊዜ የታችኛው ቁጥር ከፍ ይላል፣ ልዩነቱ ይጠባል። ይህን በሁለተኛ ዓመት ስንማር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል።

ትከሻቸውስ? ጋሼ ትከሻቸውን አልተመቱም። የተመቱት ጎናቸውን ነው። ከጣፊያ የፈሰሰ ደም ወደ ላይ ወጥቶ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ (ድያፍራም) ሲነካው፣ የድያፍራሙ ነርቭ አንገት ላይ ትከሻን ከሚያገለግሉት ነርቮች ጋር ከአንድ ሥፍራ ስለሚነሳ አንጎል ሕመሙን ከትከሻ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። መጻሕፍት የኬር ምልክት ይሉታል። እኔ ቅባት አሙቄ ያሸሁት ይህንኑ ምልክት ነው።

ጉዳቱን የሚደብቁ ሌሎች ነገሮችም አሉ፦

• በአደጋው ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨው አድሬናሊን ሕመምን ለጊዜው ያስረሳል።
• ወጣትና ጤናማ ሰው የደም መቀነስን ለረጅም ጊዜ ችሎ ይቆይና ሲወድቅ በአንዴ ነው የሚወድቀው።
• እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢደማም የልብ ምቱ ላይጨምር ይችላል።
• ነፍሰ ጡር ሴት የደሟ መጠን ስለሚጨምር እሷ ደህና መስላ ፅንሱ አስቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።
• መጠጥ የጠጣ ሰው ሲደነዝዝ «ሰክሮ ነው» ተብሎ የራስ ጉዳቱ ሊታለፍ ይችላል።
• ሌላ ቦታ ያለ ከባድ ሕመም፣ ለምሳሌ የተሰበረ እግር፣ የሆዱን ሕመም ይሸፍነዋል።

4. ልንጠረጥር የሚገባን መቼ ነው?

ከግጭት በኋላ ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ቢታይ በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፦

• ሳይመታ የሚያም ትከሻ፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ፣ የጎን ወይም የደረት ሕመም
• የሆድ መነፋት ወይም መድረቅ፤ በሆድ፣ በጎን ወይም በደረት ላይ የሚወጣ ሰማያዊ ምልክት፣ በተለይ የቀበቶ ቅርጽ ያለው
• የትንፋሽ ማጠር፣ ደም የቀላቀለ አክታ
• ሲነሱ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የከንፈርና የጥፍር መንጣት፣ ያለምክንያት ብዙ መጠማትና መቁነጥነጥ
• ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም ትውከት፣ ሽንት መከልከል
• እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወጣ ንጹህ ውሃ ወይም ደም

ምልክት ባይኖርም የአደጋው ዓይነት ብቻውን በቂ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚያው መኪና ውስጥ ሌላ ሰው ከሞተ፣ ሰው ተወርውሮ ከወጣ፣ መኪናው ከተገለበጠ፣ መሪው ከተጣመመ ወይም የመኪናው አካል ወደ ውስጥ በጣም ከገባ፣ የተረፈው ሁሉ መመርመር አለበት። ተመርምሮ «ደህና ነህ» የተባለ ሰውም በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ብቻውን ባይተው ይመረጣል።

5. አደጋው ቦታ ላይ ምን እናድርግ?

በቅድሚያ ሁለተኛ አደጋ እንዳይደርስ መኪናዎችን ማስቆም፣ ከዚያ አምቡላንስ መጥራት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የእሳትና አደጋ 939 አለ። በስልካችን መዝግበን ብንይዛቸው ጥሩ ነው።

ቀጥሎ፣ ጸጥ ያለውን ሰው እንፈልግ። የሚጮኸው ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል። ጥግ ይዞ የተቀመጠው፣ ያላበው፣ «እኔን ተዉኝ፣ እሱን እዩት» የሚለው ነው የሚያሳስበው። በሸኖው አደጋ ሁላችንም የምናደርገው ነው የተደረገው፤ ዓይን ሁሉ ወደ ደሙ ሄደ።

እሳት ወይም ሌላ አስጊ ነገር ከሌለ በስተቀር ተጎጂውን ጎትቶ ማውጣትና አጥፎ በመኪና ጀርባ መጫን ጀርባንም ዳሌንም ይጎዳል። የግድ ከሆነ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድ መስመር ይዞ፣ ብዙ ሰው ሆኖ ማንሳት ነው። ራሱን የሳተና የሚተነፍስ ከሆነ አንገቱ ሳይጣመም በጎኑ ይተኛ። ወደ ውጪ የሚደማውን ቁስል በንጹህ ጨርቅ ጫን ብሎ መያዝ፣ ዳሌው የተሰበረ ከመሰለ ደግሞ ጋቢ ወይም አንሶላ አጥፎ በዳሌው ዙሪያ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ደሙን ይቀንሳል። ብርድ እንዳይመታውም ይሸፈን፤ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ በቀላሉ አይረጋም።

ከማድረግ ልንቆጠብባቸው የሚገቡ ሦስት ልማዶች አሉ። አንደኛ፣ ውሃ ወይም ምግብ መስጠት ነው። ተጎጂው ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ስለሚችል ሆዱ ባዶ ይሁን፤ ቢጠማውም ከንፈሩን ማርጠብ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ማሸት ነው። ወጌሻ በእጁ የታወቀ ቢሆንም የተመታ ሆድና ጎን አይታሽም፤ የረጋውን ደም እንደገና ያስነሳዋል። ሦስተኛ፣ ሳይመረመር ማስታገሻ ሰጥቶ ማስተኛት ነው። በተለይ ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ሕመሙን ከመደበቅ አልፈው የደም መርጋትን ያዛባሉ።

በገንዘብ ምክንያት ከሕክምና የሚቀር ሰው እንዳይኖርም በ2005 ዓ.ም የወጣው የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ቁጥር 799 በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቷል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅምና ለወገኖቻችን እንንገር።

6. መከላከያው

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም በእኛው ዕድሜ፣ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ቀበቶ፦ በአሁኑ መልኩ ትከሻንና ዳሌን የሚይዘውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ሠራው፤ ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ የተሳፋሪን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የሚሠራውም ሁለተኛውን ግጭት በማስቀረትና ሦስተኛውን በማለዘብ ነው፤ ሰውነት ከመኪናው ጋር አብሮ ቀስ ብሎ እንዲቆም ያደርገዋል፣ ጉልበቱንም ጠንካራ በሆኑት የዳሌና የደረት አጥንቶች ላይ ያከፋፍለዋል።

ታዲያ በትክክል ከታሰረ ነው። የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛው በትከሻና በደረት መሐል ማለፍ አለበት። ሆድ ላይ የታሰረ ቀበቶ ራሱ አንጀት ሊቀድ ይችላል። ነፍሰ ጡር እናትም ማሰር አለባት፤ የታችኛው ከሆዷ በታች፣ የላይኛው በጡቶቿ መካከል ይለፍ። እኛ አገር ግን አንድ ሌላ አስተሳሰር አለ፤ «ለትራፊክ» የሚባለው። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ትራፊክ ሲያይ ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ጫፉን በእጁ ይይዛል። እንዳይጮህበት ባዶ መቆለፊያ የሚሰካም አለ። ትራፊኩ ሊታለል ይችላል፤ ጣፊያ ግን አይታለልም።

የኋላ ወንበር፦ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ አያስፈልገውም የሚባለው ስህተት ነው። ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ ከፊት ያለውን ሰው በሙሉ ክብደቱ ይመታዋል። በብዙ ሚኒባሶች የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ የለም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ካለበት እንሰር። ትርፍ በርጩማ ላይና ሞተር ላይ አንቀመጥ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር የለም።

ሕፃናት፦ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሚሄድ መኪና ውስጥ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢቆም፣ በእናቱ ክንድ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ሆኖ ነው የሚሳበው። ማንም እናት ልትይዘው አትችልም። ለሕፃናት የተሠራ መቀመጫ ባለው መኪና እሱን መጠቀም፣ ፊቱን ወደኋላ ያደረገ የሕፃን መቀመጫን ግን ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ አለማድረግ፤ ከሌለም ልጅን ከኋላ ማስቀመጥ ነው።

ፍጥነትና ሌሎችም፦ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በ4 በመቶ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። «ትንሽ ንካው፣ ረፈደብን» ስንል የምንጠይቀው ይህንን ነው። ተሳፋሪም ድምፅ አለው፤ «ሹፌር፣ ቀስ በል» ማለት ነውር የለውም። ጀሪካንና የጋዝ ሲሊንደር ከተሳፋሪ ኋላ ሳይታሰር አይጫን። የራስ መደገፊያው ከጆሮ ጋር እኩል ይሁን። የሚነዳም ሰው ደረቱን ከመሪው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርቅ። ለተበላሸ መኪና ምልክቱ የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን ይሁን። ድንጋይማ አይታይም፤ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላም እዚያው ቀርቶ ሌላውን ይገለብጣል።

7. ለእኛ ለክፍሉ ተማሪዎች

ነጭ ጋውን ከለበስን ጀምሮ በየሰፈራችን የመጀመሪያዋ ሐኪም እኛው ነን። ስለዚህ ሦስት ነገር ላሳስብ። አንድ ልኬት ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው አካሄዱ ነውና በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ደጋግመን ለክተን ከነሰዓቱ እንጻፍ። «የት ያምዎታል?» ብቻ ሳይሆን «የት ተቀምጠው ነበር? ቀበቶ አስረው ነበር? ምን መታዎት? መኪናው ምን ሆነ?» ብለን እንጠይቅ። በመጨረሻም፣ ከአቅማችን በላይ ሲሆን «አላውቅም፣ ሆስፒታል እንሂድ» ለማለት አንፈር። እኔ ያን ሌሊት ያላልኩት ይህን ነው። ቤቱ ሁሉ በእኔ ሲኮራ «አላውቅም» ማለት ከበደኝ።

ማጠቃለያ

በመኪና አደጋ የሚደርስ የውስጥ ጉዳት በዓይን ስለማይታይ «አልተጎዳም» ከማለታችን በፊት የአደጋውን ዓይነት፣ የልብ ምቱን አካሄድና የሕመሙን ቦታ እንመልከት። ቀበቶ በትክክል እንሰር፣ ፍጥነት እንቀንስ፣ ሌላውም እንዲቀንስ እንናገር።

ጋሼ ዛሬ ደህና ናቸው። ጣፊያ የሌለው ሰው ለአንዳንድ ከባድ ኢንፌክሽኖች ስለሚጋለጥ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት ወስደዋል፤ ትንሽ ትኩሳት ቢሰማቸው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሄዳሉ፣ ወባ ያለበት አገርም ያለ ጥንቃቄ አይሄዱም። መኪና ሲገቡ ቀበቶ ያስራሉ፤ ከሌለው «ሌላ አምጡ» ብለው ይወርዳሉ፣ ሰውም ይስቅባቸዋል። ስለዚያ ሌሊት አንድ ቀን ይቅርታ ስጠይቃቸው «አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ? እኔው ነኝ ምንም አልሆንኩም ያልኩሽ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ብለውኛል። ግን ደብተሩ ሌላ ነገር ይል ነበር፤ እኔ ማመን የነበረብኝ ደብተሩን ነው።